የሚሸጠው ትርኢቱ ነው፤ ሥልጠናውን ማን ይክፈል?

ቡና ነጋዴ ጭነቱን ከመሸጡ በፊት ናሙና ያስቀምሳል። ቀማሹ በማንኪያ ፉት ብሎ ይተፋና ደረጃውን ይናገራል፤ ዋጋውም የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለናሙናው የሚከፍል ሰው የለም። ከለቀማው እስከ እጥበቱ፣ ከማበጠሪያው እስከ መጋዘኑ የወጣው ገንዘብ ሁሉ የሚመለሰው ግን ያች ሲኒ ከተወደደች ብቻ ነው።

የዘመናዊ ዳንስ ትምህርት ቤት ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሠልጣኙ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲለፋ ይከርምና በመጨረሻ መድረክ ላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል እንኳ የማይቆይ ትርኢት ያሳያል። ከተመልካቹ መካከል የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ፣ የፌስቲቫል አዘጋጅ ወይም የዳንስ ቡድን መሪ ካለ የተማሪው ትርኢት ናሙና ሆነ ማለት ነው። ገዢ ከተገኘ ሠልጣኙ ባለሙያ ተብሎ ይቀጠራል፤ ካልተገኘ ጭብጨባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ጭብጨባ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ለትርኢት፣ ይነስም ይብዛም፣ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ይገኛል። ለመሆኑ ከትርኢቱ በፊት ላለው ረጅም የሥልጠና ጊዜ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱን ለመፈለግ ከአዲስ አበባ በፊት ሴኔጋልን ማየት ይጠቅማል። በዚያች አገር በአንዲት ሴት መሪነት ሁለት የዳንስ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው አንደኛው በአምስት ዓመት ተዘግቷል፤ ሁለተኛው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል። የዳንስ መምህሯ አንድ፣ አገሩም አንድ ሆኖ ውጤቱ የተለያየው በሒሳቡ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት

ጀርሜን አኮኚ በ1944 በቤኒን ተወልደው ያደጉት በሴኔጋል ነው። በፈረንሳይ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1968 በዳካር የመጀመሪያውን የዳንስ ስቱዲዮአቸውን ከፈቱ። ከምዕራብ አፍሪካ ባህላዊ ውዝዋዜና ከአውሮፓ የዳንስ ትምህርት አጣምረው ያዘጋጁት የራሳቸው የማሠልጠኛ ዘዴ ስማቸውን ከአገራቸው ውጭ አስጠርቶታል።

በ1977 “ሙድራ አፍሪክ” የተባለው ትምህርት ቤት በዳካር ሲቋቋም ኃላፊነቱ የተሰጠው ለእርሳቸው ነበር። መሥራቾቹ ከብራስልስ ሞሪስ ቤዣር፣ ከሴኔጋል ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ነበሩ። ቤዣር በዘመኑ በአውሮፓ ከታወቁት ኮሪዮግራፈሮች አንዱ ሲሆኑ፣ በ1970 በብራስልስ “ሙድራ” የተባለ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ሴንጎር ደግሞ ገጣሚም ርዕሰ ብሔርም ስለነበሩ ለጥበብ ገንዘብ መመደብ ለእርሳቸው የመንግሥት ሥራ አካል ነበር። አንድ የዳንስ ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ ደጋፊ ሊያገኝ አይችልም የሚያሰኝ ነው።

ይሁን እንጂ ሴንጎር በ1980 መጨረሻ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1982 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የተዘጋው ተማሪ ወይም መምህር አጥቶ ሳይሆን የሚንቀሳቀስበት ገንዘብ ስለደረቀ ነው። የብራስልሱ “ሙድራ”ም ቢሆን ከ1988 አላለፈም።

ነጋዴ ይህን ታሪክ ለመረዳት የዳንስ ዕውቀት አያስፈልገውም። ምርቱን ሁሉ ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚያስረክብ ሰው፣ ያ ደንበኛ ሱቁን የዘጋ ዕለት የእርሱም ሱቅ ይዘጋል። በቤተ መንግሥት ፍቅር የቆመ ትምህርት ቤትም የቤተ መንግሥቱ ባለቤት ሲቀየር ፍቅሩ ይቀየራል። ኪሳራው የሚመጣው ከሥራው ጥራት ሳይሆን ከገቢው ምንጭ ማነስ ነው።

የአሸዋው ትምህርት ቤት

አኮኚ ከዚያ በኋላ ዓመታትን በአውሮፓ ካሳለፉ በኋላ ወደ ሴኔጋል ተመለሱ። በ1998 ከባለቤታቸው ከሄልሙት ቮግት ጋር “ኤኮል ደ ሳብል” ያሉትን ትምህርት ቤት መሠረቱ። ስሙ የአሸዋ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ቦታው ከዳካር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕር ዳር በሚገኘው በቱባብ ዲያላው መንደር ነው። ከመለማመጃ አዳራሾቹ የአንዱ ወለል አሸዋ ነው፤ ዳንሰኛው በአሸዋ ላይ ሲዘል እግሩ ስለሚሰምጥ ከጠንካራ ወለል የበለጠ ጉልበት ይጠይቀዋል።

ከአጀማመሩ ልብ የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሥልጠናዎች የተሰጡት በ1998 ሲሆን የግቢው ግንባታ የተጠናቀቀው በ2004 ነው። ማለትም ለስድስት ዓመታት ያህል ትምህርቱ ከሕንፃው ቀድሞ ሄዷል። በአገራችን የተለመደው አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያ ፎቁ ይቆማል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያም ተማሪ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የገቢው አወቃቀር ነው። ትምህርት ቤቱ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ዳንሰኞችን እያመጣ በግቢው ውስጥ አሳድሮና መግቦ ያሠለጥናል። አብዛኞቹ ሙሉውን ወጪ ከኪሳቸው ሊሸፍኑ የማይችሉ ናቸው። ክፍተቱ የሚሞላው ከብዙ አቅጣጫ ነው፤ ከውጭ ፋውንዴሽኖችና የባህል ተቋማት በሚገኝ ድጋፍ፣ ከሌላው ዓለም መጥተው ከፍለው በሚማሩ ዳንሰኞች፣ እንዲሁም ከትርኢት ሽያጭ።

ትርኢት የሚሸጠው ክንፉ “ዣንት ቢ” የተባለው የዳንስ ቡድን ነበር። ስሙ በዎሎፍ ቋንቋ ፀሐይ ማለት ነው። ቡድኑ ከሩዋንዳው ዘር ማጥፋት ተነሥቶ ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ከኮታ ያማዛኪ ጋር ያዘጋጀው “ፋጋላ” የተባለ ሥራ በውጭ መድረኮች ታይቶ በ2007 በኒው ዮርክ የቤሲ ሽልማት አግኝቷል። እንዲህ ያለ ሽልማት ለትምህርት ቤት የገበያ ማስታወቂያ ነው። የሚቀጥለው ሠልጣኝ የሚመጣው፣ የሚቀጥለውም ደጋፊ ቼክ የሚጽፈው ይህን እያየ ነው። አኮኚ ራሳቸው በ2021 በቬኒስ ቢየናሌ የዳንስ ዘርፍ የዕድሜ ልክ አገልግሎት የወርቅ አንበሳ ተሸልመዋል።

38 ዳንሰኞች፣ 14 አገሮች

ሥልጠናና ገበያ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ ግን “የጸደይ መሥዋዕት” ነው። ሙዚቃው በ1913 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው የኢጎር ስትራቪንስኪ ድርሰት ነው። ጀርመናዊቷ ኮሪዮግራፈር ፒና ባውሽ በ1975 በቩፐርታል ከተማ በዚህ ሙዚቃ ላይ ያቀናበሩት ዳንስ ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች ይቆጠራል። መድረኩ በአፈር ይሸፈናል፤ ወንዶችና ሴቶች በአፈሩ ላይ ይሯሯጣሉ፤ በመጨረሻ አንዲት ልጃገረድ ለመሥዋዕትነት ተመርጣ እስክትወድቅ ትደንሳለች።

ይህን ሥራ በአፍሪካውያን ዳንሰኞች ለማሳየት ሦስት ተቋማት ተሻረኩ። የባውሽን ሥራዎች የሚያስተዳድረው የፒና ባውሽ ፋውንዴሽን፣ የለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ ቲያትርና ኤኮል ደ ሳብል ናቸው። ከ14 የአፍሪካ አገሮች 38 ዳንሰኞች ተመርጠው በቱባብ ዲያላው ልምምዳቸውን አደረጉ። አንዳንዱ ባህላዊ ውዝዋዜ፣ አንዳንዱ የጎዳና ዳንስ፣ አንዳንዱ ደግሞ ዘመናዊ ዳንስ ወይም ባሌ ተምሮ የመጣ ነበር።

ትርኢቱ በመጋቢት 2020 በዳካር ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ኮቪድ መጣ። ድንበር ተዘጋ፣ አዳራሽ ተዘጋ። ዳንሰኞቹ ከመበተናቸው በፊት የመጨረሻውን ልምምድ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ አደረጉት፤ እርሱም ተቀርጾ ለዓለም ታየ። ትርኢቱ በመድረክ ላይ የተከፈተው በመስከረም 2021 በማድሪድ ነው። ከዚያ በ2022 ለንደን፣ በ2023 ደግሞ ኒው ዮርክ ገብቷል።

በዚህ ሽርክና ውስጥ ለንግድ ሰው የሚታየው ነገር የትምህርት ቤቱ ቦታ ነው። ኤኮል ደ ሳብል ዳንሰኛ አሠልጥኖ ለሌላ የሚያስረክብ ብቻ አልነበረም። ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር። ጥሬ ቡና ጭኖ ከመላክና ቆልቶ በራስ ስም አሽጎ ከመሸጥ መካከል ያለው ልዩነት እዚህም አለ። ሥልጠናው ከትርኢቱ ጋር በአንድ ግቢ ሲኖር፣ የሥልጠናው ወጪ የሚካካስበት መንገድ ቢያንስ በከፊል ይከፈታል።

ሒሳቡ ሲሠራ

የመድረክ ሥራ ለምን በቀላሉ አያተርፍም? ለማስረዳት ያህል በግምት እናስላ። 38 ዳንሰኞች በቀን 6 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት ቢለማመዱ 6,840 የሰው ሰዓት ይሆናል። “የጸደይ መሥዋዕት” በመድረክ ላይ 40 ደቂቃ አይሞላም። ትርኢቱ ለሁለት ምሽት ብቻ ቢታይ እያንዳንዱ ምሽት 3,420 የልምምድ ሰዓት ይሸከማል። 40 ምሽት ቢታይ ግን ሸክሙ ወደ 171 ሰዓት ይወርዳል።

የተማሪ ትርኢት ችግር እዚህ ላይ ነው። የሚታየው ለአንድ ወይም ለሁለት ምሽት ሲሆን ተመልካቹም አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወዳጅ ነው። ወጪው የሙሉ ዝግጅት፣ ገቢው የአንድ ቅዳሜ ማታ ይሆናል። ያው ትርኢት ከከተማ ወደ ከተማ ቢዞር ግን የልምምዱ ወጪ በብዙ ምሽቶች ላይ ይከፋፈላል። ለአዘዋዋሪው፣ ለመብራት ባለሙያው፣ ለትራንስፖርቱና ለአበሉ አዲስ ወጪ ቢመጣም፣ ዋናው ወጪ አስቀድሞ የወጣው ነው።

ይህን ችግር በ1966 ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን የተባሉ አሜሪካውያን የኢኮኖሚክስ ምሁራን በመጽሐፍ ተንትነውታል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዲስ ማሽን ሲያስገባ በያንዳንዱ ሠራተኛ የሚመረተው ሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ ደመወዝ ቢጨመርም የጨርቁ ዋጋ ላይንር ይችላል። ለ38 ሰው የተቀናበረ ዳንስ ግን በ19 ሰው አይሠራም፤ 40 ደቂቃውም በ20 አያልቅም። በሌላው የሥራ ዘርፍ ደመወዝ ባደገ ቁጥር የዳንሰኛውም የኑሮ ወጪ ስለሚያድግ የትርኢቱ ወጪ ከትኬቱ ፈጥኖ ይሮጣል። በዚህ ምክንያት በበለጸጉት አገሮች ሳይቀር አብዛኞቹ ትልልቅ የዳንስ ቡድኖች ያለ መንግሥት ወይም ያለ በጎ አድራጊ ድጎማ አይኖሩም።

በሥልጠናው ላይ ሌላ ችግር ይደረባል። ጌሪ ቤከር የተባሉት ኢኮኖሚስት በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ሠራተኛው የተማረውን ሙያ ይዞ ሌላ ቤት መግባት ከቻለ ቀጣሪው ለሥልጠናው መክፈል አይፈልግም። ጋራዥ ያለው ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማረው ልጅ በዓመቱ ማዶ ካለው ጋራዥ ተቀጥሮ ያገኘዋል። ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ለመከላከል ሠልጣኙን የአገልግሎት ውል ያስፈርሙታል። የዳንሰኛ ሙያ ግን ያለው በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ነው፤ በሄደበት ይሄዳል። ለራሱ ሥልጠና ተበድሮ እንዳይከፍል ደግሞ ባንክ ሰውነትን በመያዣነት አይቀበልም። የዳንሰኛ የሥራ ዕድሜም አጭር ነው፤ ብዙዎቹ በጎልማሳነታቸው መድረኩን ይለቃሉ።

የአዲስ አበባው ሙከራ

አዲስ አበባም ይህን ትምህርት በራሷ ልጆች ላይ አይታዋለች። በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችንና የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ይዘው “ካርሚና ቡራና” በተባለው የካርል ኦርፍ ሙዚቃ ላይ ትልቅ ትርኢት አዘጋጁ። ሥራው የተያያዘው መንታ የወለዱ ችግረኛ ቤተሰቦችን ለመርዳት ከተቋቋመው ጀሚኒ ከተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ነበር። ማልዱም በኋላ በ2003 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር 250 ያህል የበርሊን ልጆችን በዚሁ “የጸደይ መሥዋዕት” ሙዚቃ አስደንሰው በፊልም የታወቁት ሰው ናቸው።

ከአዲስ አበባው ትርኢት በኋላ 18 ወጣቶች ተመርጠው ለአምስት ዓመት የሚቆይ የዘመናዊ ዳንስ ሥልጠና ገቡ። ቡድኑ “አዱኛ” ተባለ። የአካል ጉዳተኞችን ከሌሎች ዳንሰኞች ጋር አብሮ በማሠልጠን የሚታወቁት እንግሊዛዊው አዳም ቤንጃሚን መጥተው ስላስተማሩ፣ በቡድኑ ዙሪያ አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችም ወደ መድረክ ወጥተዋል።

አምስት ዓመት ማለት አንድ የሕክምና ተማሪ ብዙውን ትምህርቱን የሚያጋምስበት ጊዜ ነው። ጥራቱም በውጤት ታይቷል። ከሠልጣኞቹ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ሮሌክስ ኩባንያ በሚደግፈው የጥበብ ፕሮግራም ከመላው ዓለም ተመርጦ የታዋቂው ጃፓናዊ ኮሪዮግራፈር የሳቡሮ ቴሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆነ። ጁነይድና የሥልጠና ባልደረባው አዲሱ ደምሴ “ዴስቲኖ” በተባለው ትርኢት በ2009 በለንደን ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቀርበዋል። ይህ “የጸደይ መሥዋዕት”ን ከሴኔጋሉ ትምህርት ቤት ጋር ያዘጋጀው ያው ቲያትር ነው።

እንግዲህ ናሙናው ተወዷል። የተወደደው ግን በለንደን እንጂ በአዲስ አበባ አልነበረም። አገር ውስጥ ዳንሰኛን በቋሚ ደመወዝ የሚቀጥሩት የመንግሥት ቲያትር ቤቶች የሚፈልጉት በዋናነት ባህላዊ ተወዛዋዥ ነው። በ1955 የተከፈተው ብሔራዊ ቲያትርም ሆነ ከእርሱ የሚቀድመው ሀገር ፍቅር የቆሙት በዚሁ ባህል ላይ ነው። የግሉ ገበያ ደግሞ ሠርግ፣ የባህል ምግብ ቤት፣ የኩባንያ ምረቃና የሙዚቃ ክሊፕ ነው። በዚህ ገበያ እስክስታና ጉራጊኛ የሚችል አያጣም፤ በዘመናዊ ዳንስ አምስት ዓመት የተማረ ሰው ግን ዕውቀቱን የሚሸጥበት መደብ የለውም። ሥልጠናው በውጭ ገንዘብ ሲካሄድ ገዢውም ከውጭ ሆነ። “የሰው ወርቅ አያደምቅ” የሚባለው ለዚህ ይሆን?

ቁም ነገሩ ያለው ወለሉ ላይ ነው

የዳንስ ትምህርት ቤት ማሽን የለውም። ዋነኛ ሀብቱ ምሰሶ የሌለበት ሰፊ ወለል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ የመሬት ጉዳይ ይሆናል፤ መሬት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ገዢ ያለው ዕቃ ነው።

ለሴኔጋሉ ትምህርት ቤትም ፈተናው ከዚያ መጥቷል። ከቱባብ ዲያላው ጎን በምትገኘው በንዳያን፣ የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ ጥልቅ ወደብ ለመገንባት በ2022 ሥራ ጀምሯል። ኩባንያውን የአገራችን ነጋዴ በጅቡቲው ዶራሌና በበርበራ ያውቀዋል። ወደብ ሲመጣ መጋዘን ይከተላል፣ መንገድ ይሰፋል፣ የመሬት ዋጋ ይሰቀላል። ትምህርት ቤቱና የአካባቢው ነዋሪዎች ሥጋታቸውን በይፋ አሰምተዋል። አገሪቱ ወደብ እንደሚያስፈልጋት የሚክድ የለም። ጥያቄው የወደቡ ትርፍ ሲሰላ በአሸዋው ላይ የተገነባው ሀብት በየትኛው መዝገብ ተጽፎ ይካካሳል የሚለው ነው።

ይህ ጉዳይ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያደገውና በዳንሰኛው መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ መልሶ ማልማት ሲካሄድ ከኖረበት ቦታ ተነሥቷል። ተመልካች ነበረው፣ ስምም ነበረው፤ የቦታው ዋስትና ግን አልነበረውም።

ለባለሀብት ምን ይታያል?

ዘመናዊ ዳንስ ፈጣን ትርፍ የሚገኝበት መስክ ነው ብሎ የሚያማልል ቢኖር ሐሰት ነው። ከላይ ያለው ሒሳብ አይፈቅድም። ሆኖም ከሦስቱ ታሪኮች የሚወጡ ለንግድ ሰው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

አንደኛው፣ ገዢ የሌለው ሥልጠና ዕድሜ የለውም። ማንኛውም ማሠልጠኛ ከመከፈቱ በፊት የተማሪው ትርኢት በስንት ምሽት፣ በስንት አዳራሽ እንደሚታይ አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል። ሆቴሎች ለአንድ የምረቃ ምሽት ዳንሰኛ ከመጥራት ይልቅ አንድ ትርኢት ለአንድ ወቅት ቢዋዋሉ የልምምዱ ወጪ ይከፋፈላል፤ ለእነርሱም የምሽቱ ዋጋ ይቀንሳል።

ሁለተኛው፣ ወለሉ ለሌላ ሥራም ሊውል ይችላል። ቀን ባዶ የሚውል የሠርግ አዳራሽ በከተማው ሞልቷል። በሳምንቱ የሥራ ቀናት ጠዋት ለልምምድ ቢከራይ ለባለ አዳራሹ ካልታሰበበት የተገኘ ገቢ ነው፤ ለዳንሰኛው ደግሞ ሕንፃ ከመሥራት ያድነዋል። ኤኮል ደ ሳብልም ግቢው ሳይጠናቀቅ ነው ማስተማር የጀመረው።

ሦስተኛው የድጋፉ አወቃቀር ነው። ሙድራ አፍሪክ አንድ ትልቅ ደጋፊ ነበረው፤ ከእርሱ ጋር ወደቀ። የአሸዋው ትምህርት ቤት ብዙ መካከለኛና ትንንሽ ደጋፊዎችን ከትርኢት ገቢ ጋር አጣምሮ ቆሟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለአዲስ አበባም የሚበጀው አንድ ለጋስ ከመጠበቅ ይልቅ እያንዳንዳቸው ቢወጡም ቤቱን የማያፈርሱ ደጋፊዎችን ማሰባሰብ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ የሚደርሰው በ1996 ከተጀመረው ሙከራ ታይቷል። ከአዲስ አበባ ጎዳና የተነሣ ልጅ ለለንደን መድረክ የሚበቃ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ያንን ባለሙያ ለማየት የለንደን ሰው ትኬት ቆርጧል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ትኬቱ የሚሸጥበትን መስኮት እስካሁን ይፈልጋል።